ወናፉን በጢስ ያስነፋው መሐንዲስ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና፣ ሾፌሩ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ቢረግጠው እንኳ ጉልበቱ እያነሰ መሄዱን በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የጭነት ካሚዮን ሲሆንማ ነገሩ ይብሳል፤ ጥቁር ጢሱን እየተፋ፣ ማርሹን እየቀነሰ፣ እግረኛ ሊቀድመው እስኪደርስ ድረስ ያዘግማል። ሰው ሁሉ ይህን የሚያመካኘው በዳገቱና በጭነቱ ነው። በእርግጥም ዳገቱ ዳገት፣ ጭነቱም ጭነት ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ሌላ በዓይን የማይታይ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የአየሩ መሳሳት ነው።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 1013 ሚሊባር ያህል ሲሆን፣ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በጎንደር ግን ወደ 780 ሚሊባር ይወርዳል። ከ2800 ሜትር በላይ በምትገኘው በደባርቅ ደግሞ ከባሕር ዳርቻው ግፊት የሚቀረው ከአሥር ሰባት እጅ ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ በደባርቅም ሆነ በምጽዋ የሚስበው የአየር ስፋት አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ግን ያነሰ ነው። አየር ሲያንስ የሚነደው ነዳጅ ያንሳል፤ የሚነደው ነዳጅ ሲያንስ ጉልበት ያንሳል። ነዳጅ ማደያው ፖምፓ ይህን ሳያውቅ በባሕር ዳርቻው ልክ ናፍታ የሰጠ እንደሆነ፣ የተረፈው ሳይነድ በማርሚታው በኩል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። በደጋ መንገድ ላይ የምናየው ጢስ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የዚህ ነገር መድኃኒት በየጋራዡ ቱርቦ እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ዕለት ዕለት በሚነዳት መኪናው ላይ ቱርቦ ለማስገጠም የሚያስብ ሰው ቢኖር አያስደንቅም፤ አሳቡም የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን ነገሩን በመጀመሪያ ያሰበው ሰው እንዴት እንደኖረና ምን ያህል እንደደከመ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብለን ስለምናምን፣ የስዊሱን መሐንዲስ የአልፍሬድ ቡኺን ታሪክ ለአንባቢ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የእኛ አቆጣጠር ሲሆን ለይተን እንናገራለን።

ቡኺ የተወለደው በጁላይ ወር 1879 በስዊስ አገር ቪንተርቱር በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1871 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቱ በዚያች ከተማ በሚገኘው ሱልዘር በሚባለው ታላቅ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። ስለዚህ ልጁ ያደገው የእንፋሎት ሞተር ድምፅና የብረት ማቅለጫ ሽታ በሚሰማበት ስፍራ ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1879 ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ ሥራ ለመለማመድ ወደ ሱልዘር ፋብሪካ መጥቶ ነበር። ኋላ በስሙ የሚጠራውን የናፍታ ሞተር የሠራው ሰው በፋብሪካው ሲለማመድ፣ ያንን ሞተር የሚያጠናክረው ሰው በዚያችው ከተማ በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር ማለት ነው።

ቡኺ በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ የመኪና ምሕንድስና ተምሮ በ1903 ከጨረሰ በኋላ፣ በቤልጅግና በእንግሊዝ አገር ሥራ ይዞ ጥቂት ዓመታት ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከአእምሮው አልወጣ አለው። ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለት እጅ ግማሹ በማቀዝቀዣው ውኃ፣ ግማሹም በጢሱ ይጠፋል። ጢሱ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፤ ግፊትም አለው። ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል በከንቱ ወደ ሰማይ የሚሄደው ለምንድን ነው? ልብ በሉ፤ ስዊስ የተራራ አገር ብትሆንም የቡኺ ጥያቄ የተራራ ጥያቄ አልነበረም፤ የብክነት ጥያቄ ነበር።

መልሱን ያገኘው በ26 ዓመቱ ነው። በኖቬምበር 16 ቀን 1905 ከጀርመን መንግሥት የፓተንት መሥሪያ ቤት ቁጥሩ 204630 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይህ በእኛ ኅዳር 1898 ዓ.ም. ነው፤ አጼ ምኒልክ በዙፋናቸው ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ገና አንድ አውቶሞቢል እንኳ ሳይታይ፣ የመጀመሪያዎቹም በ1900 ዓ.ም. ከመድረሳቸው በፊት መሆኑ ነው።

አሳቡን ለአንባቢ ግልጽ ለማድረግ ከአገራችን ቀጥቃጭ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቀጥቃጭ ብረት የሚያግልበት ከሰል በራሱ ቢነድ ሙቀቱ አይበቃም፤ ስለዚህ ወናፉን በእጁ እየነፋ አየር ያጎርሰዋል። አየር በበዛ ቁጥር እሳቱ ይበረታል። ድካሙ ግን የሰው ነው። ቡኺ ያሰበው እሳቱ ራሱ ወናፉን እንዲነፋ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ ምላስ ምላስ ያለውን አንድ መንኮራኩር እየመታ ያዞረዋል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ሁለተኛ መንኮራኩር ደግሞ አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር ከውጭ ስቦና አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ነዳጅ ያነዳል፤ ብዙ ነዳጅ ሲነድ ብዙ ጢስ ይወጣል፤ ጢሱም መንኮራኩሩን አብልጦ ያዞራል። የመጀመሪያው ንድፍ አየር ማመቂያውን፣ ሞተሩንና የጢሱን መንኮራኩር በአንድ ዘንግ ላይ ያገናኘ ነበር፤ በኋላ መንኮራኩሮቹ ከሞተሩ ዘንግ ተለይተው ለብቻቸው እንዲዞሩ ሆነ።

በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል የሆነው ነገር በብረት ላይ ለመፈጸም 20 ዓመት ፈጀ።

ቡኺ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በሱልዘር ፋብሪካ ገባ፤ የናፍታ ሞተር ምርምር ክፍልም ኃላፊ ሆነ። በ1911 ለአሳቡ መሞከሪያ የሚሆን ሞተር ተተከለለት። ሙከራው ግን የሚያስደስት አልሆነም። ጢሱ እጅግ የሚያቃጥል ስለሆነ የመንኮራኩሩን ምላስ ብረት ይጎዳ ነበር። የዚያ ዘመን አየር ማመቂያ ደግሞ ከሚቀበለው ጉልበት ብዙውን ያባክናል። ከዚህ ሁሉ የከፋው፣ ብዙ አየርና ብዙ ነዳጅ የገባበት ሲሊንደር ራሱ ሙቀቱን መቻል ማቃቱ ነው። ጉልበት ለመጨመር የታሰበው መሣሪያ የሞተሩን ዕድሜ የሚያሳጥር ሆነ። በ1915 ሌላ ፓተንት አወጣ፤ ይህኛው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮላ ለአጭር ጊዜ አብረው እንዲከፈቱ የሚያደርግ ነበር። ከማመቂያው የሚመጣው አየር ግፊቱ ከጢሱ ግፊት የበለጠ እንደሆነ፣ አዲሱ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ እየነፈሰ የቀረውን ጢስ ጠርጎ ያወጣል፤ በዚያውም የፒስቶኑን ራስና የጢስ ማስወጫውን ቫልቮላ ያቀዘቅዛል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ጊዜ የተሠራው ሞተር የታመቀውን አየር ግፊት ጠብቆ መቆየት አልሆነለትም።

በዚህ መካከል ጦርነት አውሮጳን አጠፋት፤ ቱርቦም ከቡኺ እጅ ውጭ ሌላ መንገድ አገኘ። አውሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሞተሩ እንደ ደባርቅ ካሚዮን ይደክም ስለነበር፣ በፈረንሳይ አገር ኦጉስት ራቶ፣ በአሜሪካም ሳንፎርድ ሞስ የሚባሉ መሐንዲሶች ቱርቦን ለአውሮፕላን ሞተር ማዘጋጀት ጀመሩ። ሞስ በ1918 ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን አስጭኖ በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ተራራ ጫፍ አወጣው። የተራራው ከፍታ 4300 ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። በሜዳ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። የተራራ ጥያቄ ያልነበረው የቡኺ አሳብ፣ ለተራራ አገር የሚሰጠው ጥቅም በአደባባይ የታየው በዚያ ቀን ነው ለማለት ይቻላል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ በቧሒት አቅራቢያ ከ4000 ሜትር በላይ የሚያልፈውን መንገድ የነዳ ሰው ይህን ሂሳብ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ቡኺ ግን ሥራውን አልተወም። በ1925 ባወጣው ፓተንት ችግሩን ከሥሩ ነቀለው። እስከዚያ ድረስ የሁሉም ሲሊንደሮች ጢስ ወደ አንድ ሰፊ ቧንቧ ይገባ ስለነበር፣ የአንዱ ትንፋሽ የሌላውን ትንፋሽ ያግደው ነበር። ቡኺ ሲሊንደሮቹን በተራቸው ለያይቶ በጠባብ ቧንቧዎች ጢሳቸው ለየብቻ ወደ መንኮራኩሩ እንዲደርስ አደረገ። ጢሱ በእያንዳንዱ ቫልቮላ መከፈት እንደ ምት እየሆነ መንኮራኩሩን ይመታል፤ በሁለት ምት መካከልም ግፊቱ ስለሚወርድ አዲሱ አየር ገብቶ ሲሊንደሩን ለማጠብ ጊዜ ያገኛል። በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው ከ1905ቱ ፓተንት ይልቅ የሰውዬውን ታላቅነት የሚያሳየው ይህ ነው። የመጀመሪያው የወጣት አሳብ ነበር፤ ይህኛው ግን 20 ዓመት ሙሉ ከሙቀት ጋር የታገለ ሰው ሥራ ነው።

ፍሬውም ፈጥኖ ታየ። በ1926 ፕሮይሰንና ሐንዘስታድት ዳንዚግ የሚባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች ቡኺ በተቆጣጠረው ቱርቦ እየተረዱ በባልቲክ ባሕር ላይ መሥራት ጀመሩ። ባለ 10 ሲሊንደር የናፍታ ሞተሮቻቸው ያለ ቱርቦ 1750 የፈረስ ጉልበት ይሰጡ የነበሩት ወደ 2500 ከፍ አሉ። ቡኺ በዚያን ጊዜ ብራውን ቦቬሪ ከሚባለው ኩባንያና ከቪንተርቱር የሎኮሞቲፍ ፋብሪካ ጋር በስሙ የሚጠራ ማኅበር አቋቁሞ፣ መብቱን ለልዩ ልዩ አገር ፋብሪካዎች መስጠት ጀመረ። የተማረበት የዙሪክ ፖሊቴክኒክም የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ1938 ሳውረር የሚባለው የስዊስ ፋብሪካ ቱርቦ ያለው የካሚዮን ሞተር ሠራ። ከመርከብ የተጀመረው ነገር ወደ መንገድ የወረደው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ከላይ ስለ አነሣነው ስለ ጎንደሩ ባለመኪና ጥቂት እንበል። ለእርሱ ቱርቦ ትርፍ ከመሆኑ በፊት ዕዳ መመለሻ ነው። በጎንደር ያለው የአየር ግፊት 780 ሚሊባር ከሆነ፣ 230 ሚሊባር ብቻ የሚጨምር ለስላሳ ቱርቦ ሞተሩን ወደ ባሕር ዳርቻው ግፊት ይመልሰዋል። የሞተሩ ሠሪ በፋብሪካው ያሰበለት ግፊት ይኸው ስለሆነ፣ ፒስቶኑና ቢየላው ከለመዱት ብዙም አያልፍባቸውም። አየር ሲታመቅ ግን መሞቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ቢኖር ይመረጣል። ዕለት ዕለት ለሚነዳ መኪና ይህን ያህሉ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ የሚመኝ ሰው ሌላ ሞተር ይፈልጋል።

ሆኖም ያ መኪና ሁልጊዜ ጎንደር አይቀመጥም። በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ፣ ወይም ጣልያን በወረራው ዘመን ባወጣው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ ቢደርስ፣ የውጭው ግፊት ራሱ ይጨምራል። በመተማ 930 ሚሊባር ያህል ነው፤ ቱርቦው 230 ቢጨምርበት 1160 ይሆናል። በደጋ ዕዳ ከፋይ የነበረው መሣሪያ በቆላ አበዳሪ ይሆናል፤ ያውም የአየሩ ሙቀት በበዛበት ስፍራ። ስለዚህ ትርፉን ጢስ መንኮራኩሩን ሳይመታ አሳልፎ የሚለቀው በር በቆላው ልክ መስተካከል አለበት እንጂ ደባርቅ ላይ ሞክሮ ጥሩ ነው ማለት አይበቃም። የናፍታውን ፖምፓ በደጋ ላይ አብዝቶ ከፍቶ ወደ ቆላ መውረድም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእመቃ መጠን ነው። በሰሜን ተራሮች መንገድ በሚታየው በላንድ ክሩዘር ላይ ያለውን 1ኤችዜድ የሚባለውን ባለ 6 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር እንውሰድ። ቱርቦ የለውም፤ የሚያምቀውም 22.4 ለ1 ነው። ቶዮታ ራሱ በዚያው ስፋት፣ በ4.2 ሊትር፣ ቱርቦ ያለውን 1ኤችዲ-ቲን ሲሠራ ግን እመቃውን ወደ 18.6 አወረደ፤ የነዳጁንም አረጫጨት ለወጠ። ፋብሪካው ያለ ምክንያት ይህን አላደረገም፤ ቡኺ በሱልዘር የታገለውን ያንኑ ሙቀት ፈርቶ ነው። ስለዚህ በቀድሞው ሞተር ላይ ቱርቦ የሚያስገጥም ሰው አስቀድሞ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ያስለካ፤ ቴስታታውንና ጓርኒሲዮኑን ያስፈትሽ፤ የጢሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም ከሾፌሩ ፊት ያስገጥም። ያረጀ ሞተር በቱርቦ አይወጣትም፤ የተደበቀ በሽታው ይገለጣል እንጂ። ቤንዚን ለሚበላ ትንሽ የቤት መኪና ነገሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የታመቀው ቤንዚን ከጊዜው በፊት እየነደደ መኳኳት ከጀመረ ፒስቶን ለመብሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትምና። ፍሬኑን ደግሞ አንርሳ። ቱርቦ ሊማሊሞን ለመውጣት ይረዳል፤ ለመውረድ አይረዳም።

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር የሚችል ሲሆን የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ዳገት ወጥቶ ደባርቅ የገባ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋው፣ ዘይቱ በጋለው ቤት ውስጥ ቆሞ ያርርበታል። አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ እንዲሠራ መተው ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው። ዘይቱንም በጊዜው መለወጥ ያለ ቱርቦ ካለው መኪና ይልቅ ቱርቦ ላለው ያስፈልገዋል።

አልፍሬድ ቡኺ በኦክቶበር 1959፣ በእኛ ጥቅምት 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በተወለደባት በቪንተርቱር በ80 ዓመቱ ሞተ። በሞተበት ዘመን ቱርቦ በመርከቦች፣ በባቡሮች፣ በኃይል ማመንጫዎችና በካሚዮኖች ላይ ሞልቶ ነበር። ሰው ገዝቶ ወደ ገበያና ወደ ሥራ የሚሄድበት የቤት መኪና ላይ ግን ገና አልታየም ነበር።

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1962 በአሜሪካ አገር ነው። ከሁለቱ መጀመሪያዎች አንዱ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነበር፤ ሌላው ሸቭሮሌ ኮርቬር ነው። የጄትፋየር ሠሪዎች እመቃውን ከ10 ለ1 በላይ እንዳለ ትተው፣ መኳኳቱን ለመከልከል ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከነዳጁ ጋር እየተረጨ እንዲገባ አደረጉ። ፈሳሹ በልዩ ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ባለቤቱ በየጊዜው መሙላት ነበረበት። ባለቤቶቹ ግን ዘንግተውት ቀሩ። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። መኪናው ከ1963 በኋላ መሠራቱ ቀረ። ጥቂት ቆይቶም ኩባንያው ደንበኞቹ ወደ ሻጩ እየመጡ ቱርቦውን አስነቅለው ተራ ካርቡራቶር እንዲያስገጥሙ ፈቀደላቸው፤ ብዙዎቹም ይህንኑ አደረጉ።